ከቮልቴጅና ከከረንት ተነሥቶ ሬዚስታንስንና ኃይልን ማስላት፦ ለመኖሪያ ቤትና ለአነስተኛ ድርጅት ደንበኞች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ የተዘጋጀው የኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚያገኙ ወይም ለማግኘት የሚያመለክቱ ዜጎች በቤታቸውና በድርጅታቸው ያሉ መሣሪያዎች ምን ያህል ኃይል እንደሚወስዱ፣ የተዘረጋው ገመድ ያንን ኃይል መሸከም ይችል እንደሆነ እንዲሁም የቃጠሎና የመነዘር አደጋ ከየት ሊነሣ እንደሚችል ራሳቸው አስልተው እንዲረዱ ነው። ስሌቱ ከማባዛትና ከማካፈል የዘለለ ዕውቀት አይጠይቅም። የስልክ ካልኩሌተር በቂ ነው።

ምሳሌዎቹ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በማቻከል ወረዳ እንደምትገኘው እንደ አማኑኤል ከተማና እንደ አካባቢዋ ባሉ ቦታዎች የተለመደውን አጠቃቀም መነሻ ያደረጉ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ከመኖሪያ ቤት መሣሪያዎች ሁሉ ከፍተኛውን ኃይል የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ነው። ብዙ ቤቶች በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ በመሆናቸው የጋለ ገመድ የሚያስከትለው ጉዳት ከፍተኛ ነው። ከምሰሶ ርቀው የሚገኙ ቤቶች ደግሞ ረጅም ገመድ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ስሌቱን ማወቅ ወጪን ብቻ ሳይሆን ቤትንና ሕይወትንም ይመለከታል።

1. መታወቅ ያለባቸው መለኪያዎች

ቮልቴጅ ኤሌክትሪክን በገመድ ውስጥ የሚገፋው ግፊት ሲሆን የሚለካው በቮልት ነው። በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው መደበኛ ቮልቴጅ 220 ቮልት ነው። ሦስት ፌዝ ለሚጠቀሙ እንደ ወፍጮ ቤት ላሉ ድርጅቶች በፌዝና በፌዝ መካከል ያለው ቮልቴጅ 380 ቮልት ነው።

ከረንት በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ሲሆን የሚለካው በአምፔር ነው። በብሬከር ላይ የተጻፉት 10፣ 16፣ 25 ወይም 32 የሚሉት ቁጥሮች የሚያመለክቱት አምፔርን ነው።

ሬዚስታንስ አንድ ገመድ ወይም መሣሪያ የከረንትን መተላለፍ የሚቃወምበት መጠን ሲሆን የሚለካው በኦም ነው። ስያሜው የመጣው በ1827 እ.ኤ.አ. በቮልቴጅ፣ በከረንትና በሬዚስታንስ መካከል ያለውን ግንኙነት በመጽሐፍ ካሳወቀው ከጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም ነው።

ኃይል መሣሪያው በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚወስደው መጠን ሲሆን የሚለካው በዋት ነው። 1,000 ዋት አንድ ኪሎዋት ይባላል።

ፍጆታ ደግሞ ኃይል በቆየበት ሰዓት ተባዝቶ የሚገኘው መጠን ነው። የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ሲሆን ቆጣሪ የሚቆጥረውና ደንበኛ የሚከፍልበትም ይኸው ነው። ኃይልና ፍጆታ ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ ልዩነታቸውን መለየት ያስፈልጋል። ኃይል ከቧንቧ ውኃ ፍጥነት፣ ፍጆታ ደግሞ በእንስራው ውስጥ ከተጠራቀመው ውኃ ጋር ይነጻጸራል።

2. ሁለቱ ቀመሮች

ሬዚስታንስ = ቮልቴጅ ÷ ከረንት

ኃይል = ቮልቴጅ × ከረንት

ከእነዚህ ሁለት ቀመሮች ሌሎቹ ይገኛሉ። ኃይሉ ታውቆ ከረንቱን ለማግኘት ኃይሉ ለቮልቴጁ ይካፈላል። ከረንቱና ሬዚስታንሱ ታውቆ ኃይሉን ለማግኘት ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ ውጤቱ በሬዚስታንሱ ይባዛል፤ ይኸውም፦

ኃይል = ከረንት × ከረንት × ሬዚስታንስ

ይህ የመጨረሻው ቀመር በገመድ ላይ የሚፈጠረውን ሙቀት ለማስላት የሚያገለግል በመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከረንቱ በራሱ ስለሚባዛ፣ በአንድ ገመድ ላይ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ምሳሌ፦ በ220 ቮልት የሚሠራ ምጣድ 16 አምፔር ቢወስድ፣

ሬዚስታንሱ 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም

ኃይሉ 220 × 16 = 3,520 ዋት፣ ማለትም 3.5 ኪሎዋት ያህል ይሆናል።

በዚሁ አካሄድ በቤት ውስጥ የሚገኙ ሌሎች መሣሪያዎች በ220 ቮልት የሚወስዱት ከረንት የሚከተለውን ይመስላል።

- 10 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል፦ 10 ÷ 220 = 0.05 አምፔር ያህል
- 100 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን፦ 0.45 አምፔር
- 1,000 ዋት የልብስ ካውያ፦ 4.5 አምፔር
- 1,500 ዋት ምድጃ፦ 6.8 አምፔር
- 2,000 ዋት የውኃ ማፍያ፦ 9.1 አምፔር
- 3,520 ዋት ምጣድ፦ 16 አምፔር

የመሣሪያው ዋት አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ወይም ከሥሩ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ምጣዶች ግን በአካባቢ ባለሙያዎች የሚሠሩ በመሆናቸው ብዙዎቹ ይህ ጽሑፍ የላቸውም። እንዲህ ሲሆን ኃይሉን ከቆጣሪው ማወቅ ይቻላል።

3. የመሣሪያን ኃይል በቆጣሪ ማወቅ

በመጀመሪያ በቤቱ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ ይጠፋሉ። ከዚያም ኃይሉ እንዲታወቅ የተፈለገው መሣሪያ ብቻ ይበራል።

በዲጂታል ቆጣሪ ላይ እየበራ የሚጠፋ ትንሽ ቀይ መብራት አለ። ከጎኑም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል። የተጻፈው ቁጥር 1,600 ነው ብንል፣ አንዱ ብልጭታ 3,600,000 ÷ 1,600 = 2,250 ዋት ሴኮንድ ነው። አሥር ብልጭታዎች 22,500 ዋት ሴኮንድ ይሆናሉ። ምጣዱ በርቶ አሥሩ ብልጭታዎች 6.4 ሴኮንድ ቢፈጁ፣ ኃይሉ 22,500 ÷ 6.4 = 3,516 ዋት ያህል ነው። ቆጠራ ሲጀመር የታየው የመጀመሪያው ብልጭታ ዜሮ ተብሎ መያዝ አለበት።

የሚሽከረከር ሳህን ባለው የቀድሞ ዓይነት ቆጣሪ ላይም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። ሳህኑ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 600 ጊዜ የሚዞር ቢሆንና አንዱ ዙር 3 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ ኃይሉ 3,600,000 ÷ 600 ÷ 3 = 2,000 ዋት ነው።

ከረንቱንም በዚሁ ማግኘት ይቻላል፤ 3,516 ÷ 220 = 16 አምፔር ያህል። በመሆኑም ደንበኛው የተጋለጠ ሽቦ ሳይነካና መለኪያ ሳይገዛ የምጣዱን ከረንት ያውቃል። ውጤቱ ግምት መሆኑን ግን መገንዘብ ያስፈልጋል፤ ቮልቴጁ በዚያ ሰዓት ከ220 በታች ከነበረ ትክክለኛው ከረንት ይለያል። ትክክለኛውን ለማወቅ ባለሙያ ቮልቴጁን በመልቲሜትር፣ ከረንቱን ደግሞ ገመዱን ሳይቆርጥ ዙሪያውን በሚይዘው ክላምፕ ሜትር ይለካል።

ፍጆታውን ለማወቅ ኃይሉ በሰዓት ይባዛል። ምጣዱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቢበራ፣ 3.52 × 2 = 7.04 ኪሎዋት ሰዓት በአንድ ጋገራ ይወስዳል። በወር ስምንት ጋገራ ቢኖር 56 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ወዳለ እርከን የሚሸጋገር ስለሆነ ምጣድን ሳይጠቀሙ አብርቶ ማቆየት በወጪ ላይ የሚያሳድረው ጫና ከሌሎች መሣሪያዎች ይበልጣል።

4. ቮልቴጅ ሲወርድ ምጣድ ለምን ይቀዘቅዛል?

በበዓላት ዋዜማ ብዙ ቤቶች በአንድ ጊዜ ስለሚጋግሩ በመስመሩ ላይ ጫና ይበዛል፤ ቮልቴጅም ይወርዳል። በዚህ ጊዜ «ምጣዱ አልሰማ አለ» የሚል ቅሬታ ይቀርባል። ምክንያቱን ስሌቱ ያሳያል።

የምጣዱ ሬዚስታንስ በውስጡ በተዘረጋው ሽቦ የሚወሰን በመሆኑ ብዙም አይለወጥም፤ 13.75 ኦም ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 176 ቮልት ቢወርድ፣

ከረንቱ 176 ÷ 13.75 = 12.8 አምፔር

ኃይሉ 176 × 12.8 = 2,253 ዋት ይሆናል።

ቮልቴጁ የቀነሰው በመቶ 20 ነው። ኃይሉ የቀነሰው ግን በመቶ 36 ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንትም አብሮ ስለሚወርድ ጉዳቱ በሁለቱም በኩል ነው። በመደበኛው ቮልቴጅ በ15 ደቂቃ የሚሞቅ ምጣድ በዚህ ሁኔታ ከ23 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ሲዘገይ ደግሞ ወደ አየር የሚባክነው ሙቀት ስለሚጨምር፣ ዝቅ ያለ ቮልቴጅ የቤተሰቡን የፍጆታ ሂሳብ የግድ ይቀንሳል ማለት አይደለም።

አንዳንድ ደንበኞች ይህ ሲያጋጥማቸው የምጣዱን ሽቦ በማሳጠር ሙቀቱን ለመጨመር ይሞክራሉ። ሽቦው ሲያጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፤ ከረንቱም ይጨምራል። ሬዚስታንሱ ወደ 10 ኦም ቢወርድ፣ ቮልቴጁ ወደ 220 በተመለሰበት ሰዓት ምጣዱ 22 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉም 4,840 ዋት ይደርሳል። ለ16 አምፔር የተዘረጋ ገመድና ሶኬት ይህንን አይሸከምም። ስለዚህ የምጣድን ሽቦ ማሳጠር መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

5. የገመድ ሬዚስታንስና የርቀት ጉዳይ

ገመድም ሬዚስታንስ አለው። መጠኑን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የተሠራበት ብረት፣ ርዝመቱና ውፍረቱ። ውፍረት የሚገለጸው በካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን በገበያ ላይ ባለ 1.5፣ ባለ 2.5፣ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ገመድ እየተባለ ይጠራል።

የገመድ ሬዚስታንስ = 0.0175 × ርዝመት በሜትር ÷ ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር

0.0175 የመዳብ መለያ ቁጥር ነው። ለአሉሚኒየም በ0.028 ይተካል። ርዝመቱ ሲሰላ ከረንቱ በፌዝ ሄዶ በኒውትራል ስለሚመለስ ርቀቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ምሳሌ፦ አንድ ምጣድ 220 ቮልት ከሚገኝበት ቦታ 60 ሜትር ርቆ በሚገኝ ቤት ውስጥ ቢበራ፣ የገመዱ ርዝመት 120 ሜትር ነው።

በባለ 1.5 መዳብ፦ የገመዱ ሬዚስታንስ 0.0175 × 120 ÷ 1.5 = 1.4 ኦም ነው። ከምጣዱ ጋር ሲደመር 15.15 ኦም ይሆናል። ከረንቱ 220 ÷ 15.15 = 14.5 አምፔር ነው። በገመዱ ላይ 20 ቮልት ያህል ይቀራል፤ ምጣዱ የሚደርሰው 200 ቮልት ያህል ብቻ ነው። በገመዱ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ኃይል 295 ዋት ያህል ሲሆን ምጣዱ የሚያገኘው 2,900 ዋት ያህል ነው።

በባለ 4 መዳብ፦ የገመዱ ሬዚስታንስ 0.525 ኦም ነው። በገመዱ ላይ የሚቀረው 8 ቮልት ያህል ሲሆን፣ የሚባክነው 125 ዋት ያህል ነው። ምጣዱ 3,265 ዋት ያህል ያገኛል።

በቀጭኑ ገመድ የሚባክነውን 295 ዋት ቆጣሪው ይቆጥረዋል። በመሆኑም ደንበኛው በየጋገራው ላልተጠቀመበት ኃይል ይከፍላል። ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ገመድ መስመር ስቦ ምጣድ መጠቀም የማይመከርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ምክንያት፣ ገመዱ በተጠቀለለበት ወይም በግድግዳ ውስጥ በተቀበረበት ቦታ ሙቀቱ መውጫ ስለማያገኝ ፕላስቲኩ መቅለጡ ነው። ረጅም ዲቫይደርን ሳይዘረጉ እንደተጠቀለለ መጠቀምም ተመሳሳይ አደጋ አለው።

በአገር አቀፍ ደረጃም ኃይል የሚተላለፈው በዚሁ ስሌት መሠረት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚወጣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመሮች የሚጓዘው፣ ቮልቴጅ ከፍ ሲል ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት ስለሚያንስ ነው። ቮልቴጁ አሥር እጥፍ ቢጨምር ከረንቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ በገመዱ ላይ የሚባክነው ሙቀትም ወደ አንድ መቶኛ ይቀንሳል። ኃይሉ ወደ ከተሞች ሲደርስ በማከፋፈያ ጣቢያዎች ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት፣ በየሰፈሩ በሚገኙ ትራንስፎርመሮች ደግሞ ወደ 380 እና 220 ቮልት ይወርዳል። ከትራንስፎርመሩ በኋላ ቮልቴጁ ዝቅተኛ፣ ከረንቱ ከፍተኛ ስለሚሆን የገመድ ውፍረትና ርዝመት ወሳኝ የሚሆኑት በዚህኛው ክፍል ነው።

6. የላላ ግንኙነት፦ ብሬከር የማያየው አደጋ

ብዙ ደንበኞች «ብሬከር ስላለን አደጋ አይደርስብንም» ብለው ያምናሉ። ብሬከር የሚቆርጠው ከረንት ከተፈቀደለት በላይ ሲሆን ነው። የላላ ግንኙነት ግን ከረንትን አይጨምርም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሰዋል።

ምሳሌ፦ የምጣዱ ሶኬት ውስጥ ያለው ብሎን ላልቶ፣ ወይም ሁለት ሽቦዎች በእጅ ብቻ ተጠምዝዘው ተያይዘው፣ በዚያ ነጥብ ላይ ግማሽ ኦም ሬዚስታንስ ተፈጠረ እንበል። ጠቅላላው ሬዚስታንስ 13.75 + 0.5 = 14.25 ኦም ይሆናል። ከረንቱ 220 ÷ 14.25 = 15.4 አምፔር ነው። ይህ ከ16 አምፔር በታች በመሆኑ ብሬከሩ ምንም አይታየውም። በላላው ነጥብ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ግን 15.4 × 15.4 × 0.5 = 119 ዋት ያህል ነው።

119 ዋት የቀድሞው ባለ 100 ዋት ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ይበልጣል። አምፖሉ በእጅ የማይያዝ ሙቀት እንደነበረው ይታወሳል። እዚህ ደግሞ ያ ሁሉ ሙቀት የሚሰበሰበው የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ፣ በፕላስቲክ ውስጥና ከደረቅ እንጨት አጠገብ ነው። ግንኙነቱ ሲግል ይዝጋል፤ ሲዝግ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ይህም ይበልጥ ያግለዋል።

አደጋው ከመድረሱ በፊት የሚታዩ ምልክቶች አሉ፤ እነርሱም፦

- ከጋገራ በኋላ መሰኪያው ወይም ሶኬቱ መሞቅ፤
- የሶኬቱ ፕላስቲክ ቡናማ ወይም ጥቁር መሆን፤
- የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መሽተት፤
- ከሶኬት ወይም ከማብሪያ ማጥፊያ ጭርጭር የሚል ድምፅ መሰማት፤
- ምጣዱ ሲበራ የሌላ ክፍል መብራት መርገብገብ ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። የሞቀው መሰኪያ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ መጠቀሙን መቀጠል መፍትሔ አይደለም። የመዳብና የአሉሚኒየም ሽቦዎችን በቀጥታ ጠምዝዞ ማያያዝም ግንኙነቱ ቶሎ ስለሚበላሽ መወገድ አለበት፤ ለዚህ የተሠራ ማገናኛ ያስፈልጋል።

7. ብሬከርና ገመድን ማመጣጠን

ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው። በቤት ውስጥ ዝርጋታ በመዳብ ገመድ የተለመደው አመዳደብ የሚከተለው ነው።

- ባለ 1.5 ገመድ ለመብራት፦ 10 አምፔር ብሬከር
- ባለ 2.5 ገመድ ለሶኬት፦ 16 አምፔር ብሬከር
- ባለ 4 ገመድ ለምጣድ፦ 25 አምፔር ብሬከር
- ባለ 6 ገመድ ለከፍተኛ ጭነት፦ 32 አምፔር ብሬከር

ገመዱ ረጅም ከሆነ ወይም ሙቀት በማይወጣበት ቦታ ከተዘረጋ ባለሙያው ከፍ ያለ ውፍረት ሊመርጥ ይችላል።

ምጣድ 16 አምፔር፣ ምድጃ 6.8 አምፔር፣ የውኃ ማፍያ 9.1 አምፔር በአንድ ጊዜ ቢበሩ ድምሩ 31.9 አምፔር ነው። 25 አምፔር ብሬከር ይህንን አይቀበልም፤ ይቆርጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነው። በዚህ ጊዜ መደረግ ያለበት መሣሪያዎቹን በየተራ መጠቀም ወይም ለምጣዱ የራሱን መስመር ማዘርጋት ነው። ገመዱን ሳይቀይሩ ብሬከሩን ብቻ በትልቅ መተካት፣ ወይም በቫልቮላ ምትክ ተራ ሽቦ ማሰር፣ ቀጥሎ የሚቃጠለው ገመዱ ራሱ እንዲሆን መፍቀድ ነው።

8. ሞተር፦ ስሌቱ የሚለይበት ሁኔታ

ከላይ የተገለጹት ቀመሮች ለምጣድ፣ ለምድጃ፣ ለካውያና ለውኃ ማፍያ በቀጥታ ይሠራሉ። ሞተር ላላቸው መሣሪያዎች ግን ቮልቴጅን በከረንት ማባዛት ብቻውን ትክክለኛውን ኃይል አይሰጥም። በሞተር ላይ የተጻፈው ፓወር ፋክተር የተባለ ቁጥር አብሮ ይባዛል፤ ብዙውን ጊዜ 0.8 አካባቢ ነው። ቮልቴጅን ለከረንት በማካፈልም የሞተሩን ሽቦ ሬዚስታንስ ማግኘት አይቻልም።

ሦስት ፌዝ ለሚጠቀም ወፍጮ ቤት፦

ኃይል = 1.73 × 380 × ከረንት × ፓወር ፋክተር

በእያንዳንዱ ፌዝ 20 አምፔር የሚወስድ ሞተር 1.73 × 380 × 20 × 0.8 = 10,500 ዋት ያህል፣ ማለትም 10.5 ኪሎዋት ይወስዳል።

ሌላው ልዩነት ከቮልቴጅ መውረድ ጋር የተያያዘ ነው። ምጣድ ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንቱ ይቀንሳል፤ ይቀዘቅዛል እንጂ አይቃጠልም። እህል የሚፈጭ ሞተር ግን ሥራውን ለመቀጠል ተጨማሪ ከረንት ይስባል። ከረንቱ በመቶ 10 ቢጨምር በሞተሩ ጥቅል ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 1.1 × 1.1 = 1.21፣ ማለትም በመቶ 21 ይጨምራል። ማቀዝቀዣም ሞተር ስላለው ለዚሁ አደጋ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ መብራት ደብዝዞ በሚታይበት ሰዓት ምጣድን ማቆየት ጉዳቱ ለጋገራ ሲሆን፣ ወፍጮንና ማቀዝቀዣን ማጥፋት ግን ለንብረቱ ደኅንነት አስፈላጊ ነው። ለወፍጮ ሞተር ከረንት ከመጠን ሲያልፍ የሚያቆም መከላከያ መግጠም ይመከራል።

9. የፀሐይ ኃይል ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች

ዋናው መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች በ12 ቮልት የሚሠሩ የሶላር መሣሪያዎች ጥቅም ላይ ይውላሉ። ቀመሩ አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን ይለያያል። 60 ዋት በ220 ቮልት 0.27 አምፔር ብቻ ሲሆን፣ በ12 ቮልት 60 ÷ 12 = 5 አምፔር ነው። ከባትሪው 10 ሜትር ርቀት ላይ በባለ 1.5 ገመድ ቢዘረጋ፣ የገመዱ ሬዚስታንስ 0.0175 × 20 ÷ 1.5 = 0.23 ኦም ነው። በገመዱ ላይ የሚቀረው 5 × 0.23 = 1.2 ቮልት ያህል ይሆናል። ይህ ከ12 ቮልት አንድ አሥረኛው ነው። በሶላር ዝርጋታ ባትሪውን ለመሣሪያው ማቅረብና ወፍራም ገመድ መጠቀም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

10. የሰው አካል፣ የመሬት መስመርና «ይነዝራል» የሚባል ምጣድ

የሰው አካልም ሬዚስታንስ አለው። ደረቅ ቆዳ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ኦም ሊኖረው ሲችል፣ ሲረጥብ ግን ወደ 1,000 ኦም አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ሊጥ የነካ እጅ እርጥብ ነው። በባዶ እግሩ በመሬት ወለል ላይ የቆመና እጁ የረጠበ ሰው ፌዝ የነካው ምጣድ ቢይዝ፣ በአካሉ የሚያልፈው ከረንት 220 ÷ 1,000 = 0.22 አምፔር ወይም 220 ሚሊ አምፔር ነው። ይህ ልብን ሊያቆም የሚችል መጠን ነው።

ብሬከር ይህንን አይከላከልም። 0.22 አምፔር ከ16 አምፔር አንጻር እጅግ ትንሽ ስለሆነ ብሬከሩ አይቆርጥም። ሕይወትን የሚጠብቀው በባለሙያዎች ዘንድ ኧርዝ ሊኬጅ ወይም አር.ሲ.ዲ. የሚባለው መቁረጫ ነው። ለሰው ደኅንነት የሚገጠመው ዓይነት ወደ መሬት የሚፈሰው ከረንት 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ከአንድ ሴኮንድ ሢሶ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል።

የመሬት መስመርም ሊኖር ይገባል፤ ነገር ግን ብቻውን በቂ ላይሆን ይችላል። በመሬት የተቀበረው ዘንግ ሬዚስታንስ 10 ኦም ቢሆን፣ ፌዝ የምጣዱን አካል ሲነካ የሚፈሰው ከረንት 220 ÷ 10 = 22 አምፔር ነው። 25 አምፔር ብሬከር በዚህ መጠን አይቆርጥም፤ የምጣዱ አካልም ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። በመሆኑም የመሬት መስመርና ኧርዝ ሊኬጅ አብረው መገጠም አለባቸው። «ትንሽ ይነዝራል» የሚባል ምጣድ ወይም ምድጃ እስኪጠገን ድረስ ጨርሶ መበራት የለበትም።

11. አገልግሎት ለመጠየቅ ሲቀርቡ

አዲስ ቆጣሪ፣ የኃይል ማሻሻያ ወይም የሦስት ፌዝ መስመር የሚጠይቁ ደንበኞች በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል ከመሄዳቸው በፊት የሚከተለውን ቢያዘጋጁ ጉዳያቸው በአግባቡ ለመስተናገድ ያግዛል።

- ያሏቸውንና በቅርቡ የሚገዟቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ከነዋታቸው፤
- በአንድ ጊዜ የሚበሩትን መሣሪያዎች ድምር በዋትና በአምፔር፤
- ከቅርቡ ምሰሶ እስከ ቤቱ ያለውን ርቀት በሜትር፤
- ሞተር ካለ በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ቅጂ ወይም ፎቶግራፍ።

የቮልቴጅ መውረድን አስመልክቶ ቅሬታ ሲቀርብም «መብራት ይደክማል» ከማለት ይልቅ ችግሩ የሚታይበትን ቀንና ሰዓት፣ ተለክቶ ከሆነም የተገኘውን ቮልት፣ እንዲሁም ጎረቤቶችም ያጋጠማቸው መሆን አለመሆኑን መግለጽ ይጠቅማል። ቮልቴጁ በሰፈሩ ሁሉ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ በመስመሩ ወይም በትራንስፎርመሩ ላይ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ወደ ቤቱ የሚገባው ገመድ ወይም የውስጥ ዝርጋታው መፈተሽ አለበት። ጥያቄና ጥቆማ በአገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል 905 ማቅረብም ይቻላል።

ከቆጣሪው በኋላ ያለው የውስጥ ዝርጋታ የደንበኛው ኃላፊነት ነው። ሥራው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ባለው ባለሙያ ብቻ መሠራት ይኖርበታል። ደንበኛው ራሱ ማስላት፣ ማንበብና ምልክቶችን መከታተል ይችላል፤ ሶኬት መፍታት፣ ሽቦ መቀጠልና በቆጣሪው ወይም በምሰሶው ላይ ያለን ገመድ መንካት ግን ለባለሙያና ለአገልግሎት ሰጪው ተቋም የተተወ ነው።

ምጣድ ከመግዛትዎ ወይም አዲስ መሣሪያ ከመሰካትዎ በፊት ዋቱን ለ220 አካፍለው የሚያገኙትን አምፔር ከብሬከርዎና ከገመድዎ ውፍረት ጋር ያስተያዩ። ከጋገራ በኋላም መሰኪያው ሞቆ እንደሆነ በእጅዎ ጀርባ በውጭ በኩል ይፈትሹ፤ ሞቆ ካገኙት ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ሳይውል ሳያድር በባለሙያ ያስፈትሹ።